ፍየል የማትደፍረው አበባ

የደጅ አበባ ማን ይበላል? ፍየል ትበላለች። በግም ይበላል። ዶሮ ደግሞ አፈሩን ጭራ ሥሩን ታወጣለች። በዲምቱና በአካባቢው ሰውና ከብት በአንድ ግቢ ይውላል። በቆርቆሮ ወይም አፉ በተሰበረ እንስራ የተተከለ አበባ ብዙ ጊዜ ሳይፈነዳ ያልቃል። ከዚያ ጎረቤት ከጎረቤቱ «ፍየልህን እሰር» ተባብሎ ይኳረፋል።

ታዲያ አበባ አይተከል? ይተከል እንጂ! ግን ተመርጦ ነው።

ጽጌረዳ ቆንጆ ነች፣ እሾህም አላት። ፍየል ግን እሾህ አትፈራም። ከንፈሯ ቀጭን ነው፤ በእሾህ መካከል ቅጠሉን ትለቅማለች። የግራር ቅጠል የምትበላ እንስሳ ጽጌረዳን ምን ብላ ትፈራለች?

ፍየል የማትወደው ኃይለኛ ሽታና ምሬት ነው። ጤና አዳምን በጣታችሁ እሹት፤ ሽታው ይነግራችኋል። አሪቲና የጥብስ ቅጠልም እንዲሁ ናቸው። እሬት ደግሞ ይመራል፣ ውሃም ብዙ አይፈልግም፣ በጋውን ይችላል። እኔ ብመርጥ ጤና አዳምን አስቀድማለሁ። ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ቡና ላይም ይጣላል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን አትጠጣው፤ ለፅንሱ ጥሩ አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከብት የማይበላው ሁሉ ለቤት አይሆንም። አጠፋሪስ ጥሩምባ የመሰለ ነጭ አበባ አለው፤ አንዳንዱ አስተናግር ይለዋል። ከብት ይሸሸዋል። ልጅ ፍሬውን ቢበላ ግን ያቃዠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። የጉሎ ፍሬም መርዝ ነው። ልጅ ባለበት ደጅ ሁለቱንም አትትከሉ። ቅንጭብ ለአጥር ደኅና ነው። ነገር ግን ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ሊያሳውርም ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የወፍ ቆሎም አበባው ያምራል፤ ቅጠሉ ግን ለከብት መርዝ ነው። ፍሬውን ወፍ እየበተነው የግጦሹን መሬት ይወርሳል። እሱስ ይቅር።

አንድ ነገር አለ። የራባት ፍየል መራራውንም ትቀምሳለች፣ ይልቁንም በበጋ። ለጋ ተክልም ገና ምሬቱ አልጠነከረም። ስለዚህ ሥር እስኪሰድ ድረስ ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት። ቆርቆሮውን በግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ከፍ አድርጉት፤ ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ትደርስበታለችና። ለዶሮ ደግሞ ጠጠር አፈሩ ላይ ደርድሩ፣ መጫር ያቅታታል።

እበትም ይረዳል። ከብት እበት ያለበትን ሣር አይወድም። እበት በውሃ በጥብጡና ቅጠሉን ቀቡት። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና መቀባት ነው። ጤና አዳሙን ግን አትቀቡት፤ ለቡና ነውና።