«ግሉኮስ ስቀሉልኝ!»

የሀገራችን ሰው «ታከምኩ» የሚለው መቼ ነው? መርፌ ሲወጋ ነው። «በደንብ ታከምኩ» የሚለው ደግሞ ላስቲኩ ከብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ሲልለት ነው። ኪኒን ተሰጥቶት «ውኃ ጠጣ፣ ምግብህን ብላ» የተባለማ «ምንም ሳያደርጉልኝ መለሱኝ» እያለ ይከርማል።

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችውን ዋጃን አስቡ። የራያ ቆላ ናት፤ ፀሐይዋ ትከብዳለች፣ ወባውም አለ። በማሽላ አጨዳ ሰሞን የዛለ ገበሬ ክሊኒክ ጎራ ብሎ «ዶክተር፣ ከመጣሁ አይቀር ግሉኮሱን ስቀልልኝ፤ አቅም ይሰጠኛል» ቢል ማን ይፈርድበታል? የሚፈረድበትስ ዋጋውን ተቀብሎ የሚሰቅልለት ባለሙያ ነው። ይኼ የዋጃ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ አዲስ አበባም ያው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ባለ 5 ፐርሰንቱ ግሉኮስ በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለው። ከሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ያነሰ ማለት ነው! ኃይሉም ቢበዛ 200 ካሎሪ ነው፤ አንድ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ይበልጠዋል። ባለ ጨዉስ? በ1 ሊትር 9 ግራም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው። መብላት መጠጣት ለሚችል ሰው ይኼንን በደም ሥር መስጠት በሩ ክፍት ሳለ በጣሪያ መግባት ነው።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል እንጂ! ስኳር በሽታ እንዳለበት ያላወቀ ሰው ግሉኮስ ሲሰቀልለት ስኳሩ ይወጣል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመው ባለ ጨዉ በዝቶ ሲገባበት ውኃው ሳንባው ላይ ይተኛል። ሕፃን ላይ ደግሞ ይብሳል። ጨው የሌለበት ግሉኮስ ሲበዛ ስኳሩን ሰውነት ይጠቀምበትና ውኃው ብቻ ይቀራል፤ ያኔ የደሙ ጨው ይቀጥናል፣ አንጎል ያብጣል፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ፣ ትኩሳት ጸንቶባቸው ደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገ ነው፤ ተቅማጥ የያዛቸው አልተካተቱም። ፈሳሹ በጥድፊያ ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10 በላይ ሞቱ፤ በጥድፊያ ካልተሰጣቸው ከመቶ 7 ገደማ። ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪም እያየ እንዲህ ከሆነ፣ «አውቶቡስ እንዳያመልጠን» ብሎ ጠብታውን የሚለቀው አስታማሚ ምን ሊያደርስ ነው? 1 ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ከተባለ፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ይኼን የሚቆጥር ባለሙያ ከሌለ ባይሰቀል ይሻላል።

ፈሳሹን እየነቀፍኩ አይደለም። አተት ውኃውን አሟጦ ዓይኑን ላጎደጎደው፣ መጠጣትም ለተሳነው ሰው ሪንገር ላክቴት ሕይወት ነው። ጽኑ ወባ ስኳሩን አውርዶ ራሱን ላሳተው ሕፃን ግሉኮስ ያነቃል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ያየ ሰው የአንድ ላስቲክ ዋጋ ይገባዋል። ለድካም የተንጠለጠለው ላስቲክ ነገ አተት ለጣለው ሊታጣ ይችላል።

መጠጣት ለሚችለውስ? በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ህንድ በገቡ ስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገብቶ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አላዳርስ አለ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውኃ አስበጥብጦ በአፍ አጠጣ። ከመቶ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ያ ብጥብጥ ዛሬ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ያለው ኦ አር ኤስ ነው።

«ሕዝቡ ነው የሚጠይቀን፤ እኛ ባንሰቅል ጎረቤት ክሊኒክ ይሰቅልለታል» ይላሉ። የተጠየቀውን ሁሉ መሸጥ የሱቅ ሥራ ነው። ሐኪም «አያስፈልግህም» የሚልበትም አፍ ያስፈልገዋል። ተቆጣጣሪውም የክሊኒኩን ግድግዳ ቀለምና የፈቃድ ወረቀት ብቻ አይቶ አይመለስ፤ ለማን፣ ለምን፣ በስንት ሰዓት እንደተሰቀለ መዝገቡን ይግለጥ። እናንተም ስትታመሙ «ስቀሉልኝ» ከማለታችሁ በፊት «ለምን?» በሉ። መልስ ካላገኛችሁ ክንዳችሁን አትዘርጉ።