ሃይድሮጅን ከመኪናው በፊት ለማሳው

«አረንጓዴ ሃይድሮጅን» በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ መኪናና ወደ አውሮፓ ገበያ ያደላል። ሁለቱም አያዋጡም።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመለየት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ጋዙን አምቀው፣ አጓጉዘው፣ መኪና ውስጥ መልሰው ኤሌክትሪክ ሲያደርጉት የሚተርፈው ከመነሻው ሲሶ ገደማ ነው። ባትሪ ቢሞላበት ግን ከግማሽ በላዩ ጎማ ያዞራል። በመርከብ ወደ አውሮፓ መላኩም ሌላ ብክነት ነው፤ ወደብ ለሌላት ኢትዮጵያ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ።

የሃይድሮጅን ቦታ ባትሪ የማይተካበት ሥራ ነው፦ ብረት ማምረትና ማዳበሪያ። ዩሪያ ከአሞኒያ ይሠራል፤ አሞኒያ ያለ ሃይድሮጅን አይገኝም። ዛሬ ዓለም ያንን ሃይድሮጅን የሚያወጣው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ውል የተፈረመበት የጎዴው የዩሪያ ፋብሪካም የታቀደው በጋዝ ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ ግብጽ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በአስዋን ኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጅን እያወጣች ማዳበሪያ አምርታለች፤ ያውም በዓባይ ውሃ! ወደ ጋዝ የዞረችው በኋላ ነው።

እርግጥ መብራት ያልደረሰው ቤት ይቀድማል። ከዚያ የሚተርፈው የሕዳሴው ግድብ ኃይል ግን ለማን ይሁን? በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የማዳበሪያ ዋጋ ሲያንር ዕዳው ያረፈው ገበሬው ጫንቃ ላይ ነው። ሃይድሮጅን ወደ ውጭ እንልካለን የሚል ባለሥልጣን መጀመሪያ ለእርሱ መልስ ይስጥ።