ቁጥር መድገም ብቻውን የልጅን አእምሮ አይለካም



ልጃችሁ ትምህርት ቤት ውስጥ በፕሲኮሎግ ሲፈተን ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ቁጥር መድገም ነው። ፈታኙ «3፣ 8፣ 5፣ 1» ይላል፤ ልጁም ይደግማል። ቀጥሎ ደግሞ ሌሎች ቁጥሮችን ሰምቶ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲመልስ ይጠየቃል። ሁለቱ ጥያቄዎች ቢመሳሰሉም የሚለኩት ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የሰሙትን ለጥቂት ሴኮንድ ይዞ መቆየት ሲሆን የአጭር ጊዜ ትውስታ ይባላል። ሁለተኛው ግን የያዙትን ሳይጥሉ በአእምሮ መሥራትን ይጠይቃል። ገበያ ላይ የሦስት ዕቃ ዋጋ በልቧ ይዛ፣ ደምራ መልሷን የምታሰላ እናት በዚህ ትጠቀማለች። የብሪታንያ ተመራማሪዎች ባድሊና ሂች በ1974 የሥራ ትውስታ ብለው አብራርተውታል። ከማገናዘብ ችሎታ ጋር ይበልጥ የሚዛመደው ይኸኛው ነው። ቢዛመድም ብልህነትና ትውስታ አንድ አይደሉም።

ቋንቋም ውጤቱን ይለውጣል። በ1980 የታተመ የኤሊስና የሄነሊ ጥናት እንዳሳየው፣ ዌልስኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች በዌልስኛ ሲፈተኑ የያዙት ቁጥር አነሰ፤ ምክንያቱም የዌልስኛ ቁጥሮች ሲጠሩ ጊዜ ይወስዳሉ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቋንቋው ነው። ታዲያ ዕብራይስጥን ገና በመማር ላይ ያለ ልጅ በዕብራይስጥ ተፈትኖ ቢያንስ፣ አእምሮው አነሰ ማለት ይቻላልን?

እዚህ በእስራኤል ጹሪኤልና ካውፍማን በ1999 ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጣል። ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች መጀመሪያ ሲፈተኑ እዚህ ከተወለዱት አንሰው ተገኙ። ለአጭር ጊዜ ግን በትኩረት ከተማሩ በኋላ ልዩነቱ ጠበበ። የጎደላቸው ችሎታ ሳይሆን የሚያስተምራቸው ነበር።

ይህን ስል ፈተና አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በእውነት የሚቸገር ልጅ እርዳታ ማግኘት አለበት፤ ችግሩን መደበቅም አይጠቅመውም። ነገር ግን በአንድ ቀን ውጤት ልጅን ወደ ልዩ ትምህርት (ሒኑኽ መዩሐድ) መላክ የሕይወቱን መንገድ መቀየር ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ልጄ የተፈተነው በየትኛው ቋንቋ ነው? ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሮት ነበርን? ያነሰው በየትኛው ክፍል ነው? ካስተማራችሁት በኋላስ እንደገና ፈትናችሁታልን? ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን የወላጅ መብትና ግዴታ ነው።