አሊ ወይስ ታይሰን? ከአምስተኛው ዙር በኋላ ያለውን ተመልከቱ

መሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን አንድ ሪንግ ላይ ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር? ክርክሩ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ጓደኛሞችን ያኳርፋል። አብዛኛው ተከራካሪ ግን የትኛው አሊ፣ የትኛው ታይሰን የሚለውን ሳይወስን ነው የሚጀምረው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1981 ባሃማስ ላይ በትሬቨር በርቢክ ተሸንፎ ጓንቱን የሰቀለው አሊ የደከመ ሰው ነበር። ያንኑ በርቢክን ታይሰን በ1986 በሁለተኛው ዙር ጨርሶት፣ ገና በ20 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህ ተነስቶ «በቃ ታይሰን ይበልጣል» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሒሳብ የለም።

ፍትሐዊው ግጥሚያ የ1966ቱ አሊ ከ1988ቱ ታይሰን ነው። አሊ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ሂዩስተን ውስጥ ክሌቭላንድ ዊሊያምስን በሦስት ዙር ሲያፈርሰው እግሩ መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር። ታይሰን ደግሞ አትላንቲክ ሲቲ ላይ፣ እስከዚያ ቀን ተሸንፎ የማያውቀውን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ አሰናበተው። «አሊ ግዙፍ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በእነዚያ ምሽቶች አሊ 96፣ ታይሰን 99 ኪሎ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ ቁመትና ክንድ ላይ ነው። አሊ 191 ሴንቲ ሜትር፣ ታይሰን 178፤ በክንድ ርዝመትም አሊ በ18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል።

የታይሰን ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል አይደለም። አሊን የግራ ሁክ ያገኘዋል። ሄንሪ ኩፐር በ1963 ለንደን ላይ በዚሁ ቡጢ ጥሎታል፤ ጆ ፍሬዘርም በ1971 ኒው ዮርክ ላይ በ15ኛው ዙር በጀርባው አስተኝቶታል። ታይሰን ደግሞ ከፍሬዘር ይፈጥናል፣ ቀኙም እንደ ግራው ይጥላል። አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ አገጩን ወደ ኋላ እየሳበ ነው ከቡጢ የሚያመልጠው፤ የትኛውም አሰልጣኝ ለጀማሪ የሚከለክለው ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ለአሊ አስፈሪ ናቸው። አንዴ መውደቁ የሚቀር አይመስልም።

ወድቆስ? አሊ ከኩፐር ቡጢ ተነስቶ በቀጣዩ ዙር አሸንፏል። ከፍሬዘር ቡጢም ተነስቶ፣ በነጥብ ቢሸነፍም፣ ግጥሚያውን በእግሩ ቆሞ ጨርሷል። በሙያ ዘመኑ ሁሉ ዳኛ አሥር ቆጥሮበት ተሸንፎ አያውቅም። ታይሰንን የሚያስቸግረው ደግሞ ቶሎ የማይወድቅለት ሰው ነው። በ1987 ቦንክራሸር ስሚዝ አቅፎ እየያዘው፣ ቶኒ ታከርም እየተከላከለ እስከ 12ኛው ዙር አቆይተውታል። ታይሰን ሁለቱንም ያሸነፈው በነጥብ ነው። በ1990 ቶኪዮ ላይ ባስተር ዳግላስ በረጅም ጃብ ሲያስቆመው ቆይቶ፣ በስምንተኛው ዙር ወድቆ ተነስቶ፣ በአሥረኛው ዘረረው። «የቶኪዮው ታይሰን አሰልጣኙን ኬቨን ሩኒን ያጣ ታይሰን ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ስሚዝና ታከር ጊዜ ግን ሩኒ ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር።

አቅፎ አንገት ወደ ታች መጫን ላይ ከአሊ የሚበልጥ አልነበረም፤ ጆርጅ ፎርማን በ1974 ኪንሻሳ ላይ ቀምሶታል። በዚያ ላይ የአሊ ዘመን የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነው። ታይሰን ከ12ኛው ዙር በኋላ ያለውን ቦታ አይቶት አያውቅም።

ግምቱ፦ አሊ፣ ወድቆ ተነስቶ፣ በ11ኛው ወይም በ12ኛው ዙር ዳኛው ያስቆምለታል። ማቀፍ የማይታገሥ ዳኛ ከተመደበ ነገሩ ይጠባል።

የ1966ቱ አሊም ቢሆን የመጨረሻው ከፍታ ላይ ላይሆን ይችላል። በቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ቀበቶውን ተነጥቆ፣ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ሪንግ ላይ አልታየም። በዚያ የቅጣት ዘመን፣ በ1969፣ ከጡረተኛው ሮኪ ማርሲያኖ ጋር ካሜራ ፊት ቡጢ ተለማመጠ፤ አሸናፊውን ኮምፒውተር ሊወስን። ኮምፒውተሩ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ዘርሮታል አለ። ለአውሮፓ ተመልካች በቀረበው ቅጂ ላይ ግን ያሸነፈው አሊ ነበር።