የሳንቲሙ ዋጋ ወይስ የወረቀቱ?

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ኒው ዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ አጫራችነት አንዲት የ20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። እንዲህ ዓይነት ዜና በተሰማ ቁጥር «ገንዘብን በብርቅዬ ሳንቲም ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የዋጋ ንረት ላስመረረው ደመወዝተኛ ሐሳቡ ቢያጓጓ አይገርምም። እኔ ግን ስሌቱ አይዋጥልኝም።

ይህችው ሳንቲም በጁላይ 2002 የተሸጠችው በ7.59 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ19 ዓመት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ አደገች ማለት ነው፤ ለዓመት ሲካፈል አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያው ጊዜ ውስጥ አንድ አውንስ ወርቅ ከ300 ዶላር ግድም ተነስቶ 1,900 ዶላር ግድም ደርሷል፤ ስድስት እጥፍ! ክብረ ወሰን የሰበረችው ሳንቲም ተራ የወርቅ ጡብ ገዝቶ ካስቀመጠ ሰው በታች አተረፈች። የአጫራቹን ኮሚሽን፣ የኢንሹራንሱንና የካዝናውን ወጪ ገና አልቆጠርንም።

ታዲያ ሳንቲሟ ውስጥ ያለው ወርቅ አንድ አውንስ እንኳ ሳይሞላ ሚሊዮኖቹ የምን ዋጋ ናቸው? የታሪኳና የሕጋዊነቷ ነው። በ1933 ከዚህ ዓይነት ሳንቲም 445,500 ተመርቶ ነበር፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወርቅ ከሕዝብ እጅ እንዲሰበሰብ በማዘዛቸው ለገበያ ሳይወጣ እንዲቀልጥ ተወሰነ። ጥቂቶች አምልጠው ወጡ። አንዷ በ1944 የመውጫ ፈቃድ ተሰጥቷት ለግብፁ ንጉሥ ፋሩክ ሄደች። ያቺው ናት የተባለችው ሳንቲም በ1996 ኒው ዮርክ ላይ ከአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ እጅ ተያዘች። መንግሥትና ነጋዴው በስምምነት ሸጠው ገንዘቡን እኩል ተካፈሉ። ገዢውም ሳንቲሟ ሕጋዊ ገንዘብ ትሆን ዘንድ ተጨማሪ 20 ዶላር አስከፍለውታል (የቢሮክራሲ ነገር የትም አንድ ነው)።

በ2004 ደግሞ አንድ የፊላደልፊያ ቤተሰብ አሥር ተመሳሳይ ሳንቲሞችን ትክክለኛነታቸው እንዲረጋገጥለት ለመንግሥት አቀረበ። መንግሥትም «የተሰረቁ ናቸው» ብሎ አስቀራቸው። ክርክሩ እስከ 2017 ዘልቆ ቤተሰቡ ተረታ። ዓመቱ አንድ፣ ወርቁ አንድ፤ አንዷ 18.9 ሚሊዮን ስታወጣ አሥሩ ለያዟቸው ሰዎች ዜሮ ሆኑ። በ2020 ለንደን ላይ በ3.24 ሚሊዮን ፓውንድ የተሸጠችው፣ ብሩተስ የቄሳርን መገደል ለማሰብ ያስቀረጻት የወርቅ ሳንቲምም የቀረበላት የባለቤትነት ታሪክ ሐሰት መሆኑ ስለተደረሰበት በ2023 ለግሪክ ተመልሳለች።

ነገሩ የእኛንም ደጅ ያንኳኳል። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የተቀረጹት የአክሱም ሳንቲሞች በዚሁ ገበያ ላይ በየጊዜው ይቸበቸባሉ። ሁሉም ከትግራይ ማሳ ተዘርፈው የሄዱ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። የመን ውስጥ አል ማድሐሪባ በተባለ ስፍራ የተገኘው ክምችት ብቻ 868 የአክሱም ወርቅ ሳንቲሞች ነበሩት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ «ከየመን ነው» ወይም «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ሲል የሚያፋጥጠው መዝገብ ካልቀረበ አቤቱታችን ሚዛን አያነሳም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ (ቁጥር 209) ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ነገር ግን ሲያርስ ሳንቲም ያገኘ ገበሬ ስለ አዋጁ ከመስማቱ በፊት ደላላው ቀድሞ ይደርሳል፤ ደላላው ባይደርስ ወርቅ ሠሪው አለ። የወርቅ ዋጋ በኦክቶበር 2025 በአውንስ 4,000 ዶላር ካለፈ ወዲህ አንድ ግራም ተኩል የምትመዝን የአክሱም ሳንቲም ቀልጣ እንኳ ወደ 200 ዶላር ታወጣለች። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከቅጣቱ ይልቅ የሚቀድመው ላገኘው ሰው በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ወረዳ፣ ቢያንስ የወርቁን ዋጋ ከፍሎ ሳንቲሟን በፎቶግራፍና በክብደት መመዝገብ ነው።