ጠጃችሁን የት ደበቃችሁት?

ወሎ ውስጥ፣ ከፊቱ የሐይቅ ውሃ ተዘርግቶ፣ ባሻገር የአምባሰል ተራራ ተገትሮ እያየ «ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ወይን አለን» ብሎ የሚኮራ ባለሆቴል ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ጠጅ ስጠይቀው ደግሞ የሰደብኩት ይመስል ፊቱን ያጠቁራል። «እሱን እንኳ አንይዝም፤ ለእንግዳ አይሆንም።» ለእንግዳ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ወይን ጠልቼ አይደለም። ዝዋይ ላይ ካስቴል የተከለውን የወይን እርሻ ሄዶ ማየት፣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ገበያ የገቡትን «ሪፍት ቫሊ» እና «አኬሺያ» እዚያው ቦታቸው ላይ መቅመስ ደግ ነገር ነው፤ የአዋሽ ወይን ጠጅም ከእነሱ በፊት የነበረ የአገር ልጅ ነው። ሐይቅና አምባሰል ግን የጠጅና የጠላ አገር ናቸው። ዝዋይን ለመምሰል የሚያስገድዳቸው ምን ዕዳ አለባቸው?

ሰው የወይን አገር ድረስ ለዕረፍት የሚሄደው ጠርሙሱን ፈልጎ ብቻ ቢሆን ከሰፈሩ ሱቅ ገዝቶ ቤቱ በተቀመጠ ነበር። የሚሄደው የተጠመቀበትን ዕቃ ለማየት፣ ከጠማቂው ጋር ለማውጋት፣ ሳይቸኩል ውሎ ለማደር ነው። ጆርጂያኖች ይህ ገብቷቸዋል። ካኼቲ በሚባለው ግዛታቸው ወይናቸውን መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ይጠምቃሉ። ዩኔስኮ ዘዴውን በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶላቸዋል። የአላቨርዲ ገዳም መነኮሳትም ወይን ጠማቂዎች ናቸው። የዓለም ቱሪስት ገንዘቡን ከፍሎ የሸክላው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ያያል። እኛም ሸክላ አለን፤ ገዳም አለን። እኛ ግን ጋናችንን ጓሮ ወሽቀን፣ በሩን ዘግተን፣ ለእንግዳው የሌላ አገር ጠርሙስ እንከፍታለን።

እስቲ ጓሮውን ክፈቱት። ጋኑ በወይራ ሲታጠን ጭሱ ግቢውን ሞልቶት እንግዳው ይይ። ማሩ በሦስት በአራት እጅ ውሃ ይበረዛል፣ ጌሾው ይገባል፣ የጋኑ አፍ ይታሰራል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ጠጋ ያደረገ ሰው ውስጡ ሲንሾካሾክ ይሰማል። ከዚያ ጌሾው ወጥቶ ይጠለልና ብርሌ ውስጥ ሲቀዳ አንገቱ ላይ ያለው አረፋ... ይህን ትቶ ቡሽ ሲነቀል ለማየት ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ማነው? አልኮል የማይጠጣውስ? ወሎ ለእሱም መልስ አላት። በሙስሊሙ ቤት ብርዙ አለ፣ ቀሪቦው አለ፣ ቡናው እስከ በረካ ድረስ ከነዕጣኑ ከነምርቃቱ አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ የሚገኝበት አገር ላይ ማንም ሳይጠጣ አይወጣም።

የአስጎብኚዎቹ ኃጢአት ደግሞ ከባለሆቴሉ ይብሳል። ሐይቅ ለእነሱ የምሳ ቤት ናት። ወደ ላሊበላ የሚሄደው መኪና ከደሴ ከተነሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ይቆማል፤ ጎንና ጎኑ የተበጣ የተጠበሰ ቆሮሶ በሎሚና በሚጥሚጣ ይበላል፤ አንድ ፎቶ ይነሳል፤ በሩ ተዘግቶ ጉዞ ይቀጥላል። ዓሣው ይጣፍጣል፣ አልክድም። ግን ከምግብ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ! ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ቤተ መንግሥት ድረስ ቃሉ ይሰማ የነበረበት ገዳም ነው። የኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ያለበት ጥንታዊ አራቱ ወንጌልም የዚህ ገዳም ሀብት ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ቆሮሶ አንሶ ነው? (ገዳሙ ሴት አይገባበትም። አስጎብኚ ይህን ደሴ ላይ እያለ ይናገር፤ እህቶቻችንን በር ላይ አድርሶ መመለስ ነውር ነው።)

አምባሰልንማ ጭራሽ የሚያነሳው የለም። የመስቀል ቅርጽ ያለው የግሸን አምባ እዚህ ወረዳ ነው፤ መስከረም 21 ቀን ሕዝበ ክርስቲያኑ ይጎርፍለታል፣ በቀሩት ወራት ግን አስጎብኚ ዞር ብሎ አያየውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ በ17ኛው አንቀጹ ሰበብ የዓድዋ ጦርነት የተጠነሰሰበት ይስማ ንጉሥም እዚሁ ነው። እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ የአምባሰል ልጅ ናቸው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የተሰየሙት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። የማሪቱ ለገሠን ድምፅ የሰማ ሰው አምባሰል ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በዚሁ አገር የውሃ ዳር መዝናኛ ድምፅ ማጉያውን አንጋጦ፣ የትም ከተማ የሚጮኸውን ያንኑ ጩኸት ይለቅብኛል። አንድ ማሲንቆ ያዥ ቀጥሮ ማታ ማታ አምባሰል ማስመታት ከድምፅ ማጉያው ይወደድ ይሆን?

«ጦርነቱ ነው የጎዳን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ ላይ አልፏል፤ ከዚያም ወዲህ የክልሉ ሰላም እንደልብ አልሆነም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቆ ይነሳ፤ ቀን በቀን ይጓዝ። ጠጁን ጓሮ የደበቀው ግን ጦርነቱ አይደለም። ድምፅ ማጉያውንም የሰቀለው ጦርነቱ አይደለም። ይህ የራሳችን እፍረት ነው፤ የቤታችንን አሳንሰን የሰውን የምናገዝፍበት የቆየ በሽታችን።

ባለሆቴሎች ሆይ፣ ጋኑን ወደ ፊት አምጡት። የጠማቂዋን ስም የምግብ ዝርዝሩ ላይ ከዋጋው ጋር ጻፉ፤ ገንዘቡም እጇ ይግባ። አንተም መንገደኛ፣ ሐይቅ ላይ ምሳ በልተህ አትፈትለክ፤ እደር፣ በማግስቱ ገዳሙን ሳመው፣ ከዚያ ወደ አምባሰል ውጣ። ጠጅ ጠይቀህ «ለእንግዳ አይሆንም» ካሉህም አትከራከር፤ ሒሳብህን ከፍለህ ጠጅ ወዳለበት ቤት ሂድ።