የሆሳዕና ክረምት የሚቀዘቅዘው ፀሐይ ስለራቀች አይደለም

ሐምሌ ላይ በሆሳዕናም በዱራሜም ብርዱን የሚያማርር ሰው የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፤ «ክረምት አይደል? ፀሐይ ርቃለች»። ይህ የብርድ ምሬት ስለሆነ ሙግት አያስፈልገውም። ሙግት የሚያስፈልገው ይህንኑ አባባል በሳይንስ ልብስ አልብሶ የሚያቀርበው የተማረው ሰው ነው። እሱ እንደሚለው ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ምሕዋር ሞላላ ነው፤ ስለዚህ በዓመት አንዴ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። ስትርቅ ክረምት ይገባል፣ ስትቀርብ በጋ ይሆናል። ይህን ማብራሪያ ከመምህራን አፍም ሰምቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ለተከራካሪዬ የሚገባውን ልስጠው። ምድር በእርግጥም በክረምት መግቢያ ትርቃለች። ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው ከሰኔ 26 እስከ 29 ባሉት ቀናት ነው፤ ያን ጊዜ በመካከላቸው ወደ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። እጅግ የምትቀርበው ከታኅሣሥ 24 እስከ 27 ሲሆን ርቀቱ ወደ 147 ሚሊዮን ዝቅ ይላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ክረምትን የሚያስጀምሩትም ሰኔ 26 ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለዚያ ወገን የሚያቀርብለት የለም። ነገር ግን ግጥምጥሞሽ ነው።

ርቀት ለሁሉም አንድ ነው። ሆሳዕና ከፀሐይ በራቀችበት በሐምሌ ካይሮም ሮምም እኩል ርቀዋል፤ እነሱ ግን በዚያው ወር በሙቀት ይነዳሉ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ምድር ለፀሐይ በቀረበችበት ሰሞን ደግሞ የእኛው ደጋ ገበሬ ሌሊት ውርጭ እንዳይመታው የሚሰጋበት ጊዜ ነው። ሐምሌን የሚያቀዘቅዘው ርቀት ከሆነ ቆላውንም ማቀዝቀዝ ነበረበት። ሆሳዕና 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያው በሐምሌ ወደ ምዕራብ ወርዶ ኦሞ ሸለቆ የደረሰ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል። አንድ ሺህ ሜትር መውረድ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። አምስት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ያመጣል የተባለው ብርድ እዚያ ሸለቆ ውስጥ የት ገባ?

የስሕተቱ ምንጭ ይመስለኛል የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ምሕዋሩን ከጎን እንደሚታይ አድርጎ ስለሚስለው እንቁላል ይመስላል፤ ተማሪውም በሁለቱ ጫፎች መካከል ትልቅ የርቀት ልዩነት ያለ ይመስለዋል። ምሕዋሩን በትክክለኛ መጠኑ ደብተር ላይ ብንስለው፣ ስፋቱም 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በረጅሙና በአጭሩ ስፋት መካከል ያለው ልዩነት ከእርሳስ መስመር ውፍረት ያንሳል። የሚለየው ፀሐይ ከመካከሉ አንድ ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ማለቷ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በሰኔ መጨረሻ ምድር የምታገኘው ብርሃን ከታኅሣሥ መጨረሻው በ7 በመቶ ገደማ ያንሳል። ትንሽ አይደለም፤ ግን በሆሳዕና ላይ ሌላ ነገር ያሸንፈዋል።

ያንን ሌላ ነገር ለማየት አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨትና የግንበኛ ቱንቢ ይበቃል። ሜዳ ቦታ ላይ እንጨቱን በቱንቢ አስተካክሎ መትከል ነው። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እኩለ ቀኗም በሰዓታችን 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ታኅሣሥ 12 በዚያ ሰዓት የእንጨቱ ጥላ ወደ ሰሜን 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ሰኔ 14 ግን ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ርዝመቱም 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥላ ያጠረው ፀሐይ ከፍ ስላለች ነው። ቀኑም በሰኔ ከታኅሣሡ በ50 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። የርቀቱን ጉድለት ቀንሰን፣ የፀሐይዋን ከፍታና የቀኑን ርዝመት ደምረን ስናሰላው፣ ከደመናው በላይ ወደ ሆሳዕና የሚወርደው ብርሃን በሰኔ ከታኅሣሥ ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል። ራቀች የተባለችው ፀሐይ አብዝታ ትሰጣለች።

ከዚህም የባሰ አለ። በሆሳዕና ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን በትክክል አናት ላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ የእንጨቱ ጥላ ጨርሶ ይጠፋል። አንዱ ቀን ሚያዝያ 1 ገደማ ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 28 ገደማ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ብዙ ሰው ፀሐይዋ ጠፋች በሚልበት ሰሞን ነው። በዱራሜ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች፣ በአንድ ቀን ቢለያይ ነው። የሐዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በሚከበሩበት በመስቀል ሰሞን ደግሞ ሰማዩ መገለጥ ሲጀምር ፀሐይ አናታችንን ለቃ፣ መስከረም 13 አካባቢ የምድር ወገብን ተሻግራ፣ ወደ ደቡብ እየሄደች ነው። ብራ የሚመጣው እሷ ስትሸሽ ነው ማለት ነው። የ«ርቃለች» ክርክር ይህንን ሊያስረዳ አይችልም።

ታዲያ ብርዱ ከየት መጣ? ከደመናው ነው። ምድር ዛቢያዋ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ብላ ስለምትዞር የፀሐይ ቀጥተኛ ጨረር ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይመላለሳል። አየር በሚሞቅበት ስፍራ ወደ ላይ ይነሣል፣ እርጥብ ነፋስም ቦታውን ሊሞላ ይመጣል፤ የዝናቡ መቀነት ፀሐይን የሚከተለው በዚህ ነው፣ ሳምንታት ቢዘገይም። ፀሐይ በየካቲትና በመጋቢት ወደ እኛ ስትቃረብ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥበት በልግን ያመጣል። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ኮንጎን አቋርጦ ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ይታከልበታል። ደመናው ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ያለፈውም ቢሆን የራሰውን አፈርና የእንሰቱን ቅጠል በማድረቅ ያልቃል እንጂ አየሩን አያሞቅም። በታኅሣሥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀን ብራ፣ ሌሊት ክዳን የሌለው ሰማይ፣ የቀኑ ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ የሚያመልጥበት። ለዚህ ነው የደጋችን ቀኖች በሐምሌና በነሐሴ፣ ሌሊቶቹ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቀዘቅዙት፤ አንድ የርቀት ሰንጠረዥ ሁለቱንም አያስረዳም።

አንድ ብልህ ተከራካሪ «ርቀት ምንም አያደርግም ማለትህ ነው?» ሊለኝ ይችላል። አላልኩም። የዛቢያዋ አቅጣጫ ቀስ እያለ ስለሚዞር ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ወር ይለዋወጣል፤ ዙሩ ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የምትቀርበው በእኛ ክረምት ነበር። ያን ጊዜ የአፍሪካ ዝናብ በረታ፤ ከሐዲያ በስተምሥራቅ ያሉት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሰፊ ሐይቅ ሆነው ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ቅርበት በታሪክ ያደረገው ነገር ቢኖር ዝናቡንና ደመናውን ማብዛት ነው። ተከራካሪዬ ከሚለው በተቃራኒ።

የጥንቶቹ ሊቃውንትም ወቅትን ከርቀት ጋር አላያያዙም። መፀው፣ በጋ፣ ፀደይና ክረምት በ26ኛው ቀን እንዲጀምሩ የደረደሩት የፀሐይን መንገድ ተከትለው ነው፤ በጋ የሚያበቃበት መጋቢት 25 በ4ኛው መቶ ዓመት ቀንና ሌሊት የሚስተካከሉበት ወቅት ነበር። ዛሬ መስተካከሉ መጋቢት 11 አካባቢ ይውላል። ዘመን አቆጣጠራችን ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ስለሚረዝም በየ128 ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ስሌታቸው ቀን ስቷል፣ መሠረቱ ግን ከዛሬዎቹ ተማሩ ከሚባሉት ይልቅ ትክክል ነው።

ለአካባቢው የጂኦግራፊና የፊዚክስ መምህራን፣ ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ የምለው ይህን ነው። እንቁላል የመሰለውን ሥዕል ከሰሌዳ ላይ አጥፉት፤ ምሕዋሩን ክብ አድርጋችሁ ሳሉት። ሚያዝያ 1 ላይ ተማሪዎቹን ከ6 ሰዓት ጀምሮ እንጨትና ቱንቢ ይዛችሁ ወደ ግቢ አውጧቸው። ነሐሴ 28 ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ያን ቀን ልጆቹ በየደጃቸው ይሥሩት፣ ደመናው ለአፍታ ከተገለጠ ይበቃቸዋል።